ወንፊቱን ያለፉት ቃላት

ጋሼ ይርዳው ክኒኑን ከምላሳቸው ሥር አስቀምጠው ካዛክኛ እስኪመጣላቸው ይጠብቁ ጀመር። አፋቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጥርስ ለማስነቀል ተራ እንደያዘ ሰው ቁጭ ብለዋል።

«እንዳያኝኩት» አለች ሲስተር ትርሲት ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ሆና። «ባለፈው ጊዜ አንዱ ፖርቱጋልኛውን አኝኮት፣ በእንቅልፍ ልቡ ካልሆነ አልወጣ አለው።»

«እምም» አሉ ጋሼ ይርዳው።

መቼም ማርስ ላይ ከሚያስቸግረው ነገር ሁሉ ቋንቋ የመጨረሻው ነው። የቃል ክኒን አለ። ክኒኑ ሲሟሟ ቃላቱ በደም ሥር አድርገው ጭንቅላት ውስጥ ይገባሉ፣ አርባ ቀን እንደ ራስ ቋንቋ ያገለግላሉ፣ በአርባ አንደኛው ቀን እንደ ጤዛ ብን ብለው ይጠፋሉ። አርባው ቀን ሳያልቅ ሌላ መድገም ግን ክልክል ነው፤ ምላስ ይተሳሰራል። ክኒኑን የሚያዘጋጀው እዚያው ትርሲት ክፍል ጥግ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርመው ማሽን ነው። ቃል ቀማሚ ይሉታል፤ መድኃኒት ቀማሚ ቅጠል እንደሚቀምም እሱ ደግሞ ቃል ይቀምማል።

የሰፈሩ ሀብት እንግዲህ ይህ ማሽን ነው። ጋሼ ይርዳው የሚኖሩት ጉልላት ሰባት ውስጥ ነው፤ ጉልላት የሚሉት አየር እንዳያመልጥ በመስተዋት ጣሪያ የተከደነውን መንደር ነው። አርባ ሦስት ኢትዮጵያውያን ይኖሩበታል፤ ውሃ ግን ጠብታ የለውም። አራት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው የካዛኮቹ ጉልላት ቡላቅ ይባላል፤ በቋንቋቸው ምንጭ ማለት ነው። እነሱ ከመሬት ሥር በረዶ እየቆፈሩ ያቀልጣሉ፤ ቃል ቀማሚ ግን የላቸውም። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ፣ ጥንት ማለት አሥር ዓመት ነው፣ «ውሃ ከእናንተ፣ ቃል ከእኛ» ተባብለው ይኖራሉ። ስምምነቱ በየሁለት ዓመቱ ቡላቅ ላይ በግብዣ ይታደሳል። ግብዣው ነገ ነው። የቀድሞው መልእክተኛ ባለፈው መርከብ አገራቸው ስለገቡ፣ ዘንድሮ «አንቱ ደብረ ሲና ላይ ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆነው ስንቱን ያስታረቁ» ተብሎ ነገሩ ጋሼ ይርዳው ራስ ላይ አረፈ።

እምቢ ማለት አልቻሉም። ውሃው የሚያጠጣው የእሳቸውን ሽምብራ ነዋ! አራት ዓመት ሙሉ ቀይ አቧራ ላይ ዘርተው፣ በስብሶባቸው፣ ተስቆባቸው፣ ዘንድሮ ገና አበባ ጥሎ ፍሬ ቋጥሯል። እሸት ሊሆን አሥር ቀን ቀርቶታል። እዚህ ያመጣቸው ድርጅት ደግሞ ቁርጡን ጽፎላቸዋል፦ ዘንድሮ ከአፈሩ የሚበላ ነገር ካልወጣ ጉልላት ሰባት ይዘጋል፤ ሰዉም ተጠቃሎ ወደ ምድር ይመለሳል።

«እስቲ» አለች ትርሲት ሰዓቷን አይታ። ብርጭቆ አነሳች። «ውስጡ ያለው ምን ይባላል?»

ጋሼ ይርዳው ጭንቅላታቸውን በረበሩ። «ብራቅ» አሉ።

«ውሃ ብራቅ ነው?»

«አይደለም። ብራቅ ‘ግን’ ማለት ነው።»

«ወንበሩስ?»

«ዣነ።»

«ዣነ ወንበር ነው?»

«‘እና’ ነው። አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው ያስዋጥሽኝ?»

ቢፈልጉ ቢፈልጉ ያላቸው ይኸው ነበር። ዣነ፣ እና። ብራቅ፣ ግን። ኦይትከኒ፣ ምክንያቱም። ኤገር፣ ከሆነ። ነመሴ፣ ወይም። ሶንድቅታን፣ ስለዚህ። ከዚህ ወዲያ ያለው ጭንቅላታቸው እንደ ወትሮው አማርኛ ብቻ ነው።

ትርሲት ማሽኑን ከፍታ አንገቷን አስገባች። ስትወጣ ጣቷ ጫፍ ላይ የተለበለበ ነገር ይዛለች። የሽምብራ ገለባ! ቃሉ የሚጣራበት ወንፊት ገለባ ውጦ፣ ግሎ፣ ግማሹ ተቃጥሏል።

«‘ያንቺ ክፍል ደረቅ ነው፣ ሁለት ከረጢት ዘር ብቻ ላስቀምጥ’ ያለኝ ማነው ጋሼ?»

ጋሼ ይርዳው ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ዝም አይነቅዝም።

«ስሙም ግሱም ወንፊቱ ላይ ቀርቷል» አለች ወገቧን ይዛ። «ያለፉት መስተጻምሮቹ ናቸው። ነገርን ከነገር የሚያያይዙት ትንንሾቹ።»

«ሶንድቅታን ትንሽ ነው?»

«አሁን የሚያሳስበን እሱ ነው?»

አዲስ ወንፊት የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ በሚያርፈው መርከብ ነው። ማሽኑ አሁን የሚያወጣው ክኒን ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ ሰው ቢቀየርም ለውጥ የለውም።

«ልቅር?» አሉ ጋሼ ይርዳው።

«ከቀሩ ይቀየማሉ።»

«ብሄድስ ምን እላለሁ?»

«እርስዎ ሽማግሌ አይደሉ? ሽማግሌ እኮ ብዙ አያወራም» አለች ትርሲት። ለማጽናናት ብላ ነው፤ ነገሩ ግን እሷንም አላጽናናትም።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ጋሼ ይርዳው ይህን ሦስት ጊዜ አረጋግጠዋል። የማርስ ቀን ከምድር ቀን በአርባ ደቂቃ ገደማ ስለሚረዝም፣ የአገር ቤት ሰዓት እዚህ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ አንዳንዴ የአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት እዚህ ጠራራ ፀሐይ ላይ ይውላል። የነፍስ አባታቸውን ሲሰናበቱ ስለዚህ ነገር ጠይቀው ነበር። በማን ቢላዋ ታረደ የሚለውን ነገር አባ «እዚያ የሚታረድ ከተገኘ ራሱ ተአምር ነው፤ ባርከህ ብላ» ብለው በአጭሩ ቆረጡት። ጾሙን ግን «ዓርብ የትም ዓርብ ነው፤ በአገርህ ሰዓት ትጾማለህ» አሉ። ጋሼ ይርዳው ስለዚህ በግራ እጃቸው የአገር ቤት ሰዓት፣ በቀኝ እጃቸው የማርስ ሰዓት አስረው ነው የሚኖሩት።

ቡላቅ ሲደርሱ የተቀበሏቸው ዱይሰንጋሊ የሚባሉት የጉልላቱ አለቃ ናቸው። ሰዉ አቅሳቃል ይላቸዋል፤ ነጭ ጢም ማለት ነው፤ እኛ ሽማግሌ እንደምንለው ያለ ነው። ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው በረዶ መሰርሰሪያው ላይ ሲጮሁ የጎረነነ። ባለቤታቸው ቃላምቃስ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ናቸው። ሻይ ይቀዱ ጀመር።

ጋሼ ይርዳው ስኒያቸውን ሲያዩ ግማሽ ነው። ጠጡት። እንደ ገና ግማሽ ተቀዳላቸው። ሦስተኛም ግማሽ። «አይ ይቺ ሴትዮ!» አሉ በልባቸው። «የበረዶ ተራራ ላይ ተቀምጣ በሻይ እንዲህ ትቆነቁን?» እሳቸው አገር እንግዳ ሲመጣ እስኪፈስ ነው የሚቀዳ።

ዱይሰንጋሊ ወሬ ጀመሩ። ለጋሼ ይርዳው ወሬው እንደ ወንዝ ነበር፤ የሚያውቁት ድንጋይ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል፤ ዣነ ይላል፣ ይፈሳል፣ ዣነ ይላል፣ ይፈሳል፣ ብራቅ ይላል። አዛውንቱ ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም ሲሉ፣ ጋሼ ይርዳው ሌላ የሚሉት ስላጡ ጎንበስ ብለው «ዣነ?» አሉ። እናስ?

የዱይሰንጋሊ ዓይን በራ። ወሬው እንደ አዲስ ተነሳ። ጥቂት ቆይቶ ሌላው ሰው ሁሉ ምንጣፉ ላይ እየተንፏቀቀ ተጠጋ። አንድ ጎረምሳ ቆፋሪ ደረቱን ነፍቶ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ጉራ እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። ጋሼ ይርዳው አንድ ቅንድባቸውን አንስተው «ብራቅ...» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎረምሳውም ሳቀ። ጋሼ ይርዳው ምን እንዳሳቃቸው አያውቁም፤ አብረው ግን እስኪያለቅሱ ሳቁ። «አፍ ያለው ያግባሽ ማለት ለካ ይኼ ነው» አሉ በልባቸው። ውሃው እጃቸው የገባ መሰላቸው።

ከዚያ ሳህኑ መጣ።

ቡላቅ ላይ የተወለዱት በጎች አምስት ብቻ ነበሩ፤ ቃላምቃስ በጡጦ ያሳደጓቸው። ከአምስቱ አንዱ ታርዷል። ራሱ ተቀቅሎ፣ ፊቱ ወደ ጋሼ ይርዳው ዞሮ ቀረበ። ካዛኮች ዘንድ የበግ ራስ ከእንግዳ ሁሉ ለከበረው ነው። እሱ መጀመሪያ ይቆርሳል፣ ጆሮውን ለታናሽ ይሰጣል፣ ከዚያ ማዕዱ ይቀጥላል። ቡላቅ ከተመሠረተ ለማንም ቀርቦ አያውቅም። ይህን ሁሉ ባይረዱም፣ ሰማንያ ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲያያቸው ትልቅ ነገር መሆኑ አልጠፋቸውም። ቢላዋውን አነሱ። ልማድ ሆኖባቸው ግራ እጃቸውን አየት አደረጉ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ይላል።

ውጭ ፀሐይ አናት ላይ ናት። አዲስ አበባ ላይ ግን ዓርብ ገብቷል። በሁለት ደቂቃ! ያ ሁሉ ግማሽ ሻይ ባይጠጣ ኖሮ ሐሙስ ላይ በልተው ይጨርሱ ነበር። ጋሼ ይርዳው ቢላዋውን አስቀመጡና ሳህኑን በሁለት እጃቸው፣ በትሕትና፣ ወደ ፊት ገፋ አደረጉት።

ቤቱ ጭጭ አለ።

«ብራቅ...» አሉ ደንግጠው። ግን...

ሁሉም ጠበቀ።

«ኦይትከኒ...» ምክንያቱም...

ሰማንያ ሰው ወደ ፊት ዘንበል አለ። ምክንያቱ የለም! ከ«ምክንያቱም» በኋላ የሚመጣው ሁሉ ትርሲት ክፍል ወንፊት ላይ አርሮ ቀርቷል። ቢጨንቃቸው የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩ። ያ ደግሞ ባሰ፤ መሸብኝ፣ ልሂድበት ያሉ መሰለ። «ሶንድቅታን» አሉ፤ ስለዚህ።

ዱይሰንጋሊ ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቃላምቃስ ተነስተው የጋሼ ይርዳውን ስኒ አነሱና እስከ አፉ ሞልተው ቀዱላቸው።

«ተመስገን!» አሉ ጋሼ ይርዳው በልባቸው። «ታረቅን።»

ምስኪን! ካዛኮች ዘንድ ግማሽ ስኒ ማለት «ቁጭ በል፣ ገና እቀዳልሃለሁ» ነው። ሙሉ ስኒ ማለት «ጠጣና ውጣ» ነው። ጋሼ ይርዳው ደስ ብሏቸው እስከ ጭላጩ ጠጡት፣ እጅ ነሱ፣ ቀና ሲሉ የመውጫ ልብሳቸውና የራስ ቁራቸው በር ላይ ተይዞላቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ሁለት ጊዜ ተነፈሰና ዝም አለ።

በሦስተኛው ቀን ሽምብራው ቅጠሉን አጠፈ። ጋሼ ይርዳው ለመጠጥ የተሰጣቸውን ውሃ ሳይጠጡ በማንኪያ ሥሩ ላይ ሲያንጠባጥቡ ትርሲት ደረሰችባቸው። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ገለባውም የኔ፣ ጥፋቱም የኔ» አሉ። «አርባ ሦስት ሰው በእኔ ምክንያት ሻንጣውን ሊይዝ ነው። ትርሲት፣ ጋሪውን አስነሺ። ድንጋይ እሸከማለሁ።»

ጋሪ የሚሉት ባለ ስድስት ጎማውን የውጭ መኪና ነው። ድንጋዩን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። አገር ቤት ሰው የበደለ እንደሆነ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ የተበዳይ ደጅ ይቆማል፤ «ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ» እስኪባል አያወርድም። ችግሩ ሌላ ነበር። መንገድ ላይ ወርደው ድንጋይ ሲመርጡ ትርሲት የምታየውን ማመን አቃታት።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ቤት ነው!»

«እዚህ ሁሉ ነገር ይቀላል፤ ኩንታሉ አርባ ኪሎ አይሞላም» አሉ ጋሼ ይርዳው እያቃሰቱ። «ታዲያ እዚያ የሚሸከሙትን ያህል ይዤ ልሂድ? ሰውዬው ለኔ ይቅርታ ቀለል ያለ ይበቃዋል እንዲል?»

በሁለቱም ሰዓት እሑድ የሆነበትን ጊዜ መርጠው ቡላቅ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ከውስጥ የታየው ግን ይቅርታ አልነበረም። ከውስጥ የታየው፣ የተቀየመ ሽማግሌ ጥጃ የሚያህል አለት አንስቶ ከመስተዋቱ ጉልላት ፊት መቆሙ ነው። የአደጋ ደወል ጮኸ። ጎረምሶች እየተሯሯጡ የራስ ቁር አጠለቁ። ጋሼ ይርዳው ሩጫውን በመስተዋቱ ሲያዩ «አይ፣ ነገሩ ከፍቷል» ብለው ድንጋዩን ይበልጥ ከፍ አደረጉት፤ ያኔ ሁለተኛ ደወል ተጨመረ።

ነገሩን ያስቆሙት ቃላምቃስ ናቸው። በመስኮቱ ትክ ብለው ሲያዩ ሽማግሌው ከነድንጋያቸው ተንበርክከዋል። ሊወረውር የመጣ ሰው እንዲህ አይንበረከክም። ቃላምቃስ ባላቸውን በክርናቸው ጎሰም አድርገው በሩን አስከፈቱ፤ ራሳቸው ወጥተው ድንጋዩን በአንድ ጫፍ ያዙ። አብረው አወረዱት።

ትርሲት ከጋሪው ጋር ውጭ ቀረች። ጋሼ ይርዳው ገብተው ያው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ዱይሰንጋሊ ከፊታቸው ቆመው ጮኹ። መጮህ ብቻ ሳይሆን ጣሪያውን አናወጡት።

ጋሼ ይርዳው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አዳመጡ። እንዲህ ያለውን ነገር ያውቁታል። ሠላሳ ዓመት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያዳምጡ የተማሩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰው «ግን» እስኪል ድረስ የሚናገረው ሁሉ ለወግ መሆኑን ነው። ስድብም ለወግ ነው። ቁስሉ ያለው ከ«ግን» በኋላ ነው። የደብረ ሲና ሰው «ግን» የሚለው የት ጋ እንደሆነ ለማወቅ ድሮ ይለፉ ነበር፤ አሁን ለዕድላቸው ከወሬው ሁሉ የሚሰሙት እሱኑ ብቻ ነው። ዣነ፣ ዣነ፣ ዣነ... አሥራ አንድ ቆጠሩ። ኤገር፣ አለ፤ ዛቻ ነው፤ ይለፍ። ሶንድቅታን፣ አለ፤ ፍርድ ነው፤ ይለፍ። ከዚያ የዱይሰንጋሊ ድምፅ ወረደ።

«ብራቅ...» አሉ አዛውንቱ፤ ቀጥሎ ያለችው ዓረፍተ ነገር አጭር ናት። መጨረሻዋ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ።

ሰማንያው ሰው መሬት መሬት አየ። ጋሼ ይርዳው ቀና ብለው ዓይን ዓይናቸውን አዩዋቸው።

«ኦይትከኒ?» አሉ በቀስታ። ምክንያቱስ?

ዱይሰንጋሊ ተቀመጡ። ከዚያ ይናገሩ ጀመር፣ በትንሽ ድምፅ፣ ለአንድ ሰው ብቻ። ጋሼ ይርዳው አንድ ስም እንኳ አልገባቸውም። ሲቆሙ «ዣነ?» አሏቸው፤ ሲያመነቱ «ነመሴ?» አሏቸው፤ ሲያለቅሱ ምንም አላሏቸውም፤ የነጠላቸውን ጫፍ ሰጧቸው።

ቃላምቃስ ከበረዶ ጉድጓዱ አንድ ነገር ይዘው መጡ። ያው የበግ ራስ ነው። የእንግዳ ድርሻ ነው ብለው ለማንም ሳያስነኩ በበረዶ አቆይተውታል። አሙቀው አቀረቡት። ጋሼ ይርዳው መጀመሪያ ግራ እጃቸውን አዩ፣ ቀጥለው ቀኝ እጃቸውን አዩ፣ ከዚያ ሁለቱንም ሰዓት ለሕዝቡ አሳይተው በሰፊው ፈገግ አሉ። ቢላዋውን አነሱ። ጆሮውን ቆርጠው ለዚያ ጉረኛ ጎረምሳ ሰጡት፤ ራሳቸው ከጉንጩ ቆርሰው ጎረሱ። ደግመው ጎረሱ። በሦስተኛው ላይ ዱይሰንጋሊ ሳቃቸው መጣ። ለምን ያን ቀን እንዳልተበላ አልገባቸውም፤ ንቀት አለመሆኑ ግን ገባቸው።

ሻይ ተቀዳ። ግማሽ ስኒ። ጋሼ ይርዳው ዙሪያቸውን ቢያዩ የሁሉም ስኒ ግማሽ ነው፤ የአቅሳቃሉም ጭምር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራላቸው። ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከሙሉ ይልቅ ተደሰቱበት።

ውሃው ከእሳቸው ቀድሞ ጉልላት ሰባት ደረሰ። በአሥር ቀን የሚደርሰው እሸት በአሥራ አራት ቀን ደረሰ፤ ከነአረንጓዴው ተነቅሎ፣ ሳይጠበስ፣ እየተፈለፈለ ተበላ፤ ለቡላቅም ድርሻው ተላከ። ድርጅቱም ፎቶ ተልኮለት የመዝጋቱን ነገር ተወው።

ከሁለት ወር በኋላ መርከቡ አዲሱን ወንፊት አመጣ። ትርሲት ማሽኑን ገጥማ፣ ከረጢቶቹን እያንዳንዳቸውን በእግሯ እየገፋች ካስወጣች በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙሉ ክኒኖች አዘጋጀች። ካዛክኛው ለጋሼ ይርዳው፣ አማርኛው ለዱይሰንጋሊ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በስም፣ በግስ፣ በቅጽል ሞልተው ቡላቅ ላይ ተገናኙ። ሰው ሁሉ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር።

«በመጨረሻ!» አሉ ዱይሰንጋሊ በጠራ አማርኛ። «አሁን የልባችንን እናወራለን።»

«እናወራለን እንጂ!» አሉ ጋሼ ይርዳው በካዛክኛ። «መጀመሪያ ያን ቀን ለምን እንዳልበላሁ ልንገርህ። ዓርብ ገብቶብኝ ነው። እሱም ሚስትህ በሻይ ስላዘገየችኝ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ቀን ቆንቋና መስላኝ ነበር።»

«ማን? ቃላምቃስ?»

«በፊት ነው እንጂ አሁን...»

«እኔም እውነቱን ልንገርህ» አሉ ዱይሰንጋሊ። «ያ የላክህልን ሽምብራ፣ እኛ ለበግ ነው የሰጠነው።»

«ለበግ!? አራት ዓመት የለፋሁበትን?»

«በጎቹም አልወደዱትም።»

አሥር ደቂቃ አልሞላም። ቃል ሲበዛ የሚጋጭበትም ይበዛል፤ ከበጉ ወደ ቧንቧው፣ ከቧንቧው ወደ መስተዋቱ ፊት ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ወደ ማን ማንን ቀድሞ አስቀየመ ሄዱ። ሁለቱም ቆመው፣ አንዱ በሌላው ቋንቋ፣ ሰዋስዉ ሳይሳሳት፣ እየተሰዳደቡ ነው። ትርሲት ጥግ ላይ ሆና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ቃላምቃስ አማርኛ አልወሰዱም። አላስፈለጋቸውም። ማንቆርቆሪያውን አንስተው መጡና የጋሼ ይርዳውን ስኒ እስከ አፉ ሞሉት። ከዚያ የባላቸውን ስኒ እስከ አፉ ሞሉት።

ሁለቱም ሽማግሌዎች ስኒያቸውን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ብራቅ...» አሉ በመጨረሻ ጋሼ ይርዳው።

ዱይሰንጋሊ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «ኦይትከኒ?»

«ምክንያቱም ያን ቀን የነገርከኝ ነገር ሁለት ወር ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ነው የከረመው» አሉ ጋሼ ይርዳው። «አሥራ አንድ ጊዜ ‘እና’ ብለህ፣ ከዚያ ‘ግን’ ብለህ ድምፅህ ተሰበረ። ከ‘ግን’ በኋላ ያልከው ምን ነበር?»

ዱይሰንጋሊ ስኒያቸውን ምንጣፉ ላይ አዞሩት።

«‘ግን አንተ ወንድሜን ትመስላለህ’ ነው ያልኩህ» አሉ። «ቤታችን የበግ ራስ የሚቆርሰው ታላቅ ወንድሜ ነበር። እኔ እዚህ ሆኜ ሞተ፤ መቅበር አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ ራስ ለማንም አላቀረብኩም። ላንተ አቀረብኩ፣ ገፋኸው። ይኸው ነው። ሰማንያ ሦስት ሰው አለኝ ይርዳው፤ ሁሉም ቋንቋዬን ይችላል። ስጮህ ‘እሺ አቅሳቃል’ ብሎኝ ይሄዳል። ‘ምክንያቱስ?’ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው አንተ ነህ፤ እሱም ቋንቋዬን የማትችል።»

ጋሼ ይርዳው መልስ ፈለጉ። በሁለት ቋንቋ ቃል ሞልቷቸዋል፤ ስሙም፣ ግሱም፣ ቅጽሉም እንደ ልብ ነው። ከሁሉም የሚሆን አላገኙም። እጃቸውን ዘርግተው የሰውዬውን ጉልበት ያዙና «ዣነ?» አሉ።

ትርሲት በማግስቱ አሮጌውን ወንፊት ልትጥል ስታነሳው፣ ከቡላቅ መልእክት ደረሳት። ሰማንያ ሦስት ክኒን ይፈልጋሉ፣ የካዛክኛ፣ ለካዛኮች። ከተቃጠለው ወንፊት ይሁን ይላል፤ ቋንቋውን ስለምንችለው ነው የሚያስፈልገን፣ ‘ምክንያቱስ?’ ማለትን ረስተናል ይላል። ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ወንፊቱን በጨርቅ ጠርጋ መደርደሪያው ላይ፣ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠችው።

ይህ ግን የማግስቱ ነገር ነው። ያን ዕለት ቃላምቃስ ጥቂት ቆመው ሁለቱን አዩዋቸው። ከዚያ ሞልተው የቀዱትን ሁለቱንም ስኒ መልሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ገለበጡና፣ እንደ ገና ግማሽ ግማሽ ቀዱላቸው።